የድርቤ ካሮት

ነቀምቴ ውስጥ ቅባት የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ «ያቀላል?» እና «የውጭ ነው?»። ድርቤ ለሁለቱም አንድ መልስ አላት፤ «አንቺን የመሰለች ሰው ላታልል?» ትላለች። ይህ መልስ እንዳልሆነ ማንም ሳያስተውል ከፍሎ ይሄዳል።

ድርቤ የተወለደችው ቢላ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ወደ ነቀምቴ መጥታ እዚሁ ቀረች። መጀመሪያ ጸጉር ትሠራ ነበር፤ ቀስ እያለች የጸጉር ቅባቱን፣ ከዚያ የፊቱን፣ ከዚያ ቫይታሚኑን መሸጥ ጀመረች። እኔ የምኖረው ከሱቋ ጀርባ ባለው ክፍል ነው። ልጄን አዝዬ ሱቋ ውስጥ የማልቀመጥበት ቀን የለም። እሷም እንግሊዝኛ ሲገጥማት የምትጠራው እኔን ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ድርቤ የምትሸጠውን ነገር የምታነበው በሥዕሉ ነው። ሳጥኑ ላይ አቮካዶ ከተሳለ ውስጡ አቮካዶ ነው። ማር ከተሳለ ማር ነው። አንድ ቀን ፈገግ ያለች ሴት ብቻ የተሳለችበትን ሎሽን አንስቼ «በዚህ ውስጥስ ምን አለ?» ብላት፣ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ደስታ» አለችኝ።

ሁለተኛው መለኪያዋ ማቃጠል ነው። «ካላቃጠለ አልገባም፤ ካልገባ አይሠራም» ትላለች። ሦስተኛው ግን የሚያስከብራት ነው፤ ራሷ ያልተቀባችውን ለሰው አትሸጥም። እውነቷን ነው። ሐቀኝነቷ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ካሮት የምንላት ቅባት ነበረች፤ ሳጥኗ ላይ ቀይ ካሮትና አንድ ብርጭቆ ወተት ተስሏል። ድርቤ ከዓመት በላይ ጠዋትና ማታ ተቀብታታለች። ፊቷ ቀልቶ፣ ጠርቶ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ነበር። «ፊቴ ከተማ ገብቷል፤ አንገቴና እጄ ግን ገና ቢላ ናቸው» እያለች የምትቀልደውም ራሷ ናት። አንዴ ካሮት ከገበያ ጠፍታ ለጥቂት ቀን ሳትቀባ ብትቀር ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«አየሽ ሃዳ ኬኔ» አለችኝ ያኔ፣ «ስርቀው ይቆጣል። ወዶኛል ማለት ነው።»

ሃዳ ኬኔ እኔ ነኝ፤ የኬኔ እናት ማለት ነው። ከወለድኩ ወዲህ በስሜ የሚጠራኝ ባንክ ብቻ ነው።

ድርቤ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች። ድምፅዋ የሁሉንም ስለሚውጥ፣ የመዘምራኑ መሪ በርናባስ ለዓመታት ከኋላ መስመር ጥግ ላይ አቁሟት ኖሯል። ዘንድሮ መዘምራኑ የመጀመሪያ ክሊፓቸውን ሊቀርጹ ሲነሱ የመዝሙሩን መግቢያ ብቻዋን እንድትዘምር ተሰጣት፤ ከፊት፣ መሐል ላይ ቆማ። ድርቤ ያን ቀን ሱቅ አልከፈተችም። ቢላ ያሉት እናቷ ክሊፕ የሚያሳይ ስልክ እንዲገዛላቸው ላኩ። «ልጄን ከሰው ጀርባ ሳትሆን አንዴ ልያት» ነው ያሉት።

በርናባስ መምህር ነው፤ ነገር ሁሉ መስመር እንዲይዝ ይፈልጋል። አንድ ልምምድ ላይ መዘምራኑን ትክ ብሎ አይቶ፣ «ልብሳችን አንድ፣ ድምፃችን አንድ፤ ፊታችን ግን ገበያ ነው። አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ቀላ። ካሜራው ይምታታበታል» አለ። ድርቤ ተነሳች። ለሁሉም ካሮት አመጣለሁ፣ ከዛሬ ሳምንት ጀምረን ከተቀባን ቀረጻው ሲደርስ አንድ ፊት እንሆናለን አለች። ሁሉም አጨበጨቡ። ልብስ ማመሳሰል እናውቃለን፣ ሹሩባ ማመሳሰል እናውቃለን፤ ፊት ማመሳሰል የቀረን እሱ ብቻ ነበር። ካርቶኑ መጥቶ ሱቋ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ይህን ሁሉ ያበላሹት እትዬ ሸዋጌጥ ናቸው። ከኪራሙ ወረዳ ወደዚህ ከመጡ ጀምሮ ከድርቤ ሱቅ አጠገብ ሽሮና በርበሬ ይሸጣሉ። ጾመኛ ናቸው፤ ስለዚህ ማንኛውንም ነገር አንስተው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ምን ገባበት?»። ባለፈው ፍልሰታ ጸጉራቸው እየረገፈ አስቸግሯቸው ድርቤ የጸጉር ቫይታሚን እንክብል ብታቀርብላቸው፣ «ይኸ ላስቲኩ ከምን ተሠራ?» አሉ። እኔ አነበብኩት፤ ጄላቲን ይላል። ስልኬ ላይ ስፈልገው ከከብት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ነው።

«ወየው!» አሉ እትዬ ሸዋጌጥ። «ለጸጉሬ ስል በሬ ልውጥ ነበር!»

ጾሙ ሲፈታ መጥተው ገዙ።

አሁን ደግሞ ሁዳዴ ነው። በርበሬው ክንዳቸውን አድርቆት የሚቀባ ፈለጉ። ድርቤ ካሮቷን አውጥታ ሰጠቻቸው። እትዬ ሸዋጌጥ ሳጥኑን ከዓይናቸው አርቀው አዩት።

«ወተት አለው እንዴ?»

«እትዬ፣ ለቆዳ እኮ ነው! ለአፍ አይደለም።»

«እጅና አፍ የሚተጣጡ ናቸው? በዚሁ እጄ አይደል የምጎርስ? አንች ጴንጤ ስለሆንሽ አይገባሽም።»

«እኔም እግዚአብሔርን እፈራለሁ እትዬ፤ ቅባት ግን አልፈራም» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ሃዳ ኬኔ፣ ኮቱ! ነይ አንብቢላቸውና ይረፉ።»

ኬኔን ከጀርባዬ አውርጄ ሳጥኑን ተቀበልኩ። ልጄ አንዱን ጥግ ስታኝክ እኔ በሌላው ጥግ ጉንዳን የሚያካክሉ ፊደሎችን ማንበብ ያዝኩ። ውሃ። ፓራፊን። ሰም። ሽቶ። ቁጥር ያለው ቀለም።

«ወተት የለበትም» አልኩ።

«አላልኩም?» ድርቤ እስከ መንገዱ ድረስ ጮኸች። «የጾም ነው!»

«ካሮትም የለበትም።»

«እንዴት የለበትም? ይኸው!» ሥዕሉን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

ደግሜ አነበብኩ። ካሮቱ ከሥዕሉ በቀር የትም የለም። ከሁሉም መጨረሻ ግን አንድ የማላውቀው ስም አለ፤ ክሎቤታሶል።

«እሱ ነዋ ካሮቱ!» አለች ድርቤ። «በፈረንጅኛ ተጽፎ ነው።»

እትዬ ሸዋጌጥ ሳጥኑን መለሱላት። «ወተት ቢሆን እንኳ እስከ ፋሲካ እታገሠው ነበር። ስሙን የማላውቀውንስ እስከ መቼ ልጠብቀው?» ብለው ተራ ቫዝሊን ይዘው ሄዱ።

እኔን ያሳሰበኝ ካርቶኑ ነው። ከመዘምራኑ ውስጥ የሚያጠቡ አሉ፤ ገና ያልጎረመሱ ልጆች አሉ። ፋርማሲ ሄደን እንጠይቅ አልኳት። ድርቤም ደስ ብሏት ተነሳች፤ ለእትዬ ሸዋጌጥ የምትመልሰው ማስረጃ ልታመጣ ነው።

ፋርማሲው ውስጥ ቀነአ የሚባል ልጅ ይሠራል። ሳጥኑን አገላብጦ አይቶ መጀመሪያ ያነበበው የድርቤን ፊት ነው።

«ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ዓመት አልፎኛል። ካሮት ነው አይደል?»

«አዴ ድርቤ፣ ይህ መድኃኒት ነው። በጣም ኃይለኛ ነው። ከባድ የቆዳ በሽታ ላለበት ሰው ሐኪም ለጥቂት ጊዜ የሚያዘው ነው። ያለ ሐኪም ብዙ ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል። ለሕፃን ደግሞ በጭራሽ። ሲያቆሙት ፊት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያቃጥላል።»

«የሚቆጣው ወዶኝ አይደለም?»

«አረቄ የለመደ ሰው ሲቀርበት እጁ ይንቀጠቀጣል። አረቄው ወዶት ነው?»

ድርቤ በዕድሜዋ ጠላ እንኳ ቀምሳ አታውቅም። ከሰካራም ጋር መነጻጸሩ ከመድኃኒቱ ወሬ ይልቅ ልቧን ነካት። ከፋርማሲው ወጥተን መንገዱን ተሻገርን። ከዚያ፣ «ከተውኩት ለቀረጻው ፊቴ ምን ሊሆን ነው?» አለች። ሁለታችንም እናውቀዋለን። ካልተወችው መሐል ላይ እንደ መስታወት ታበራለች፤ ከተወችው ቢላ ያሉት እናቷ በዕድሜያቸው አንዴ በስልክ የሚያዩት ፊት በርበሬ ሊሆን ነው።

«እስከ ቀረጻው ድረስ ልቀባ?» አለችኝ።

«ለልጆቹስ ታድያቸዋለሽ?»

«ለነሱማ አልሰጥም!»

«ለምን?»

እኔ ያልተቀባሁትን አልሸጥም የምትል ሴት፣ ለሰው የማልሰጠውን እኔ እቀባለሁ ማለት ሊመጣላት አልቻለም። ያቺን ደንብ ያወጣችው ራሷ ናት፤ ክፉኛ ነው የያዘቻት።

በማግስቱ ሐኪም ጋ ሄደች። ሐኪሙ እንዴት ቀስ በቀስ እንደምትተወው ነገራት፤ ፊቷ መቅላቱ እንደማይቀርም ነገራት።

ልምምድ ላይ ባዶ እጇን ሄደች። በርናባስ «ቅባቱስ?» አለ።

«ካሮት የለበትም።»

«ካሮት ማን ጠየቀ? እኛ አንድ ፊት ነው የጠየቅነው።»

የሆነውን ሁሉ ነገረችው። በርናባስ ሰማና፣ «እሺ፤ ግን ፊትሽ እንዲህ የሚቀላ ከሆነ ለዚህ ክሊፕ ከኋላ ብትሆኚስ?» አላት።

«ኦቦ በርናባስ» አለች ድርቤ፣ «እግዚአብሔር ሲፈጥረን ያልተምታታበትን ካሜራው ምን ቤት ነው የሚምታታበት? ከፊት አቁመኸኛል፤ ከፊት እቆማለሁ።» ይህን ያለችው በዚያ ሁሉን በሚውጠው የኋላ መስመር ድምፅዋ ነበር።

ቀረጻው ወደ አኖ ከተማ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ፣ አረንጓዴ ሜዳ ላይ ነበር። እኔም ኬኔን አዝዬ ሄድኩ። የድርቤ ፊት ቀልቷል፣ ተወጥሯል፣ ዓይኗ ሥር አብጧል። ፀሐይ ሲነካት ታቃስታለች። ካሜራ የያዘው ልጅ አይቷት ደንገጥ አለና አንድ ዱቄት ይዞ መጣ።

«ትንሽ ነካ ነካ ላድርግሽ፣ እህቴ።»

ድርቤ ዕቃውን ተቀብላ ገለበጠችው። ምንም አልተጻፈበትም።

«ምን ገባበት?»

«ዱቄት ነዋ!»

«የምን ዱቄት?»

ልጁ ጓደኛውን አየ። ጓደኛው ሜዳውን አየ። ድርቤ ዕቃውን መለሰችለት፤ ከዚያም ወጥታ መሐል ላይ ቆመች። ስትዘምር የምታለቅስ ይመስል ነበር። እኔ ማቃጠሉ እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላውም ሊሆን ይችላል፤ አልጠየቅኳትም።

ክሊፑ ዩቲዩብ ላይ ወጣ። እናቷ ከቢላ ደውለው ብዙ ካለቀሱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ጸሎት ላይ ብዙ ቆየሽ መሰለኝ፤ ፊትሽ እንደ እሳት በርቷል» አሏት። ሌላውም ያለው ይህንኑ ነው። ከክሊፑ ሥር የተጻፈውን ሁሉ እኔ ነኝ ያነበብኩላት፤ «መንፈስ የነካው ፊት!» ይላል አንዱ። «ይህ የቅባት ውበት አይደለም» ይላል ሌላው። ይኸኛው ሳያውቀው እውነት ተናግሯል። በርናባስም መሐል ላይ ያቆማት ራሱ መሆኑን ለሰው ሁሉ እየነገረ ነው።

አከፋፋዩ ካርቶኑን አልመልስም ስላለ ድርቤ ከአንዱ ባዶ ሳጥን በቀር ሁሉንም አስወገደችው። ፊቷ ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው፤ ጠቆር ብሏል፤ ከአንገቷም ጋር ሳይታረቅ አይቀርም። እኔ ተስፋ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከአኖ መጣች። ሙሽራ ልትሆን ነው። ክሊፑን ስልኳ ላይ ከፍታ ለድርቤ አሳየቻት።

«አዴ ድርቤ፣ እዚህ ላይ የተቀባሽውን ስጪኝ።»

«የተቀባሁት አይደለም፤ የተውኩት ነው።»

ልጅቱ አሰብ አድርጋ፣ «እሺ፣ የተውሽውን ስጪኝ» አለች።

እትዬ ሸዋጌጥ ከሽሯቸው ጀርባ ሆነው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ድርቤ አልሳቀችም። ለልጅቱ ወንበር ሳበችላት፤ ባዶውን ሳጥን ከመደርደሪያው አውርዳ በጀርባው በኩል አስያዘቻትና፣ «አንብቢልኝ» አለቻት።

ልጅቱ ሳጥኑን በፊቱ በኩል ገለበጠችው።

«ካሮት» አለች።