ቀድሞ የተሳመ ጉልበት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲወስዱኝ የዕለቱ የእንግሊዝኛ ማስታወሻዬ በኮት ኪሴ ውስጥ ነበር። የጠሩኝ ከማስተምርበት ክፍል ነው። የታሰርንበት አዳራሽ ቀድሞ የእህል መጋዘን ስለነበር ወለሉ አሁንም በቆሎ በቆሎ ይሸት ነበር፤ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ጎን ለጎን እንተኛበታለን። ለምን እንደታሰርኩ የነገረኝ የለም። ከሳምንት በኋላ እኔም መጠየቁን ተውኩት።

ዝም ብሎ ከመቀመጥ ብዬ ማስታወሻዬን አውጥቼ ለፈለገ ሁሉ ማስተማር ጀመርኩ። ርዕሱ አንድን ነገር ከቀጠሮው በፊት ስለማድረግ የሚነገሩ አባባሎች ነበር። ‹አሄድ ኦፍ ስኬጁል› ሥራው ከታሰበለት ቀን ቀድሞ ሲያልቅ ነው፤ ‹ኢን አድቫንስ› አስቀድሞ መንገር ወይም መስጠት ነው፤ ‹ብሪንግ ፎርዋርድ› ደግሞ የተቀጠረውን ቀን ወደ ራስ መሳብ ነው አልኳቸው። የሚፈታበትን ቀን ለማያውቅ ሰው ይህን ማስተማር ቂልነት መሆኑ የገባኝ ሲስቁብኝ ነው።

ያልሳቁት አጠገቤ የሚተኙት የማንኩሳ ገበሬ ብቻ ነበሩ። የመጨረሻ ልጃቸው ሰርግ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተቆርጧል። ልጅቱ ግን «አባየ ሳይፈቱ አላገባም፤ ሰርጉ ይገፋ» ብላ ልካለች። በእኛ አገር ሙሽራ ከቤት የምትወጣው የአባቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው። ሳትመረቅ የሄደች ዕድሜዋን ሙሉ ቅር ይላታል። ሽማግሌው የመጣላቸውን ምግብ ሁለት ቀን ሳይነኩ መልሰውታል።

«መምህር፣ ያን ቀን የሚስበውን እስቲ ድገምልኝ» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።

«እንዲያ ከሆነ ሰርጉ አይገፋም። የእኔን ድርሻ እኔ እስባታለሁ። ማክሰኞ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ጉልበቴን ትሳም።»

ጥግ ላይ የተቀመጠ ሾፌር፣ «አባባ፣ ይሄማ የቁም ተዝካር ሆነ» ብሎ ቀለደባቸው።

«የቁም ተዝካር ምን አለው? ባለቤቱም አብሮ ይበላል።»

ሰኞ ጋቢያቸውን አጠብንላቸው። ማክሰኞ ጧት ያው ሾፌር ተንበርክኮ እግራቸውን እስከ ጉልበታቸው አጠባቸው። ያን ዕለት አልቀለደም።

ጠያቂ የምናገኘው ግቢው ውስጥ፣ ከተወጠረ ገመድ ወዲህ ቁጢጥ ብለን ነበር። መቆምም መነካካትም ክልክል ነው። ልጅቱ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከገመዱ ማዶ ቆመች። ሽማግሌው መሬቱን በእጃቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ይቀመጡ አባት» አለ ጠባቂው።

«እቀመጣለሁ ልጄ። ልጄን ልመርቅ ነው፤ ቁጢጥ ተብሎ አይመረቅም።»

ድምፃቸው የልመና አልነበረም። ጠባቂው ግራ ቀኙን አየ፤ ከዚያ ገመዱን በእጁ ከፍ አደረገላት። አጎንብሳ ገባችና ጉልበታቸውን ሳመች።

«ወልዶ ለመሳም፣ ዘርቶ ለመቃም ያብቃሽ። የገባሽበት ቤት ይሙቅ። በሰርግሽ ቀን እኔን ብለሽ እንዳታለቅሽ፤ እኔ ድርሻዬን ሰጥቻለሁ።»

ቁጢጥ ያልነው ሁሉ «አሜን» አልን። የጠባቂውም ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሰርጉ በቀኑ ሆነ። እሳቸው የዚያን ዕለት ከእኛ ጋር ነበሩ፤ የተፈቱት ክረምት ከገባ በኋላ ነው።

ዛሬም አስተምራለሁ። ለልጆቼ የምለው ደግ ቃል ካለኝ ግን ለበዓል አላቆየውም፤ ጧት ከቤት ሳልወጣ እነግራቸዋለሁ። ይስቁብኛል።

በቅርቡ ያችን ልጅ ቡሬ መናኸሪያ አገኘኋት፤ ሕፃን አዝላለች። ስለ ሰርጓ ጠየቅኳት።

«ሰዉ ሁሉ ‹አባቷ የሌሉባት ሙሽራ› እያለ ሲያዝንልኝ ዋለ» አለችኝ። «እኔ ግን ተመርቄ ነበር የወጣሁ።»