ተቃጠለ የተባለው ላፕቶፕ

ተቃጠለ የተባለው ላፕቶፕ ሲያወራ የሰማሁት አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ልብስ በቅርጫት ይዤ ወደ ግቢው ላውንድሪ ወርጄ ሳሙናውን መርሳቴ ትዝ ሲለኝ ተመለስኩ። በሩን ገርበብ አድርጌው ስለነበር ገና ሳልገፋው የአማቴን ድምፅ ሰማሁ። አማቴ ያለችው አዲስ አበባ ነው።

"ሕፃኗን ሐሙስ ይዘሻት ነይ" ትላለች። "እናትየዋ ነገሩ ሲገባት እናንተ ሰማይ ላይ ናችሁ። ደግሞ ምን ታመጣለች? ፊደል አልቆጠረች!"

የባሌ እህት ከት ብላ ሳቀች። ከላፕቶፑ ውስጥም አማቴ ሳቀች። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ገባኝ፦ ላፕቶፑ አልተቃጠለም፣ ልጄን ደግሞ ሊወስዱብኝ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። ልጄ ሶልያና፣ ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ከክፍሏ ሆና "ማሚ፣ የላፕቶፔ ዋይፋይ አይበራም! ሆምወርኬን ሰብሚት ማድረግ አልቻልኩም" ብላ ጮኸች። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጬ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ አጥፍታ ስታበራው ሠራላት። ወጥታ ስታየኝ "ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። ሽንኩርቱ ነው አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልናገረው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ባሌ ጌታሁን በዲቪ አሜሪካ መጥቶ አምስት ዓመት ከኖረ በኋላ አገር ቤት ተመልሶ አገባኝና አመጣኝ። ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። እንደመጣሁ ላስ ቬጋስ፣ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖ ጎዳና ላይ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ያዝኩ፤ ሆዴ እስኪገፋ ሠራሁ። ሶሊ ስትወለድ ጌታሁን "ቤት ዋይ" አለኝ፣ ዋልኩ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሆናት ድንገት ቤት ቀየርንና ዊትኒ የሚባል ሰፈር ገባን። አዲሱን አድራሻ ለማንም እንዳልሰጠ ያወቅሁት ኋላ ነው። ወዲያው ታላቅ እህቱ ለጥየቃ ከአዲስ አበባ መጣች። እትዬ ሙሉ እላት ነበር፣ እርስዎ እያልኩ፣ እግሯን እያጠብኩ።

"ብዙ ታወሪያለሽ" ብሎ ስልኬን የወሰደብኝ በዚያ ሰሞን ነው። የቀረኝ ላፕቶፑ ነበር። በእሱ ዘነቡን አገኛታለሁ። ዘነቡ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ትኖራለች፤ በዚህ አገር ያለችኝ ዘመድ እሷ ብቻ ናት። ቁጥሯን በቃሌ አላውቀውም። ላፕቶፑ ላይ ግን ቢጫ ሻሽ ያሰረችበት ፎቶ አለ፤ እሱን ስነካው ይጠራል፣ ፊቷም ይመጣል። ማንበብ አይጠይቅም።

አንድ ቀን ፎቶውን ብነካው ብነካው ዝም አለኝ። ጌታሁን ከሥራ ሲመጣ ነገርኩት። አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ "በምንድን ነው የወለወልሽው?" አለኝ።

"በእርጥብ ጨርቅ።"

"በቃ፣ አቃጥለሽዋል።"

እውነትም ወልውዬው ነበር። ሆቴል የለመድኩት ነው፤ አቧራ ካየሁ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ስለዚህ አመንኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ ከረምኩ። እሁድ እንግዶች መጡ፤ ጓደኞቹ ናቸው። ዶሮ ሠርቼ እያቀረብኩ እትዬ ሙሉ ጀመረች።

"ሰማችሁ? የኛ ሙሽራ ላፕቶፕ አጥባለች።"

"በኦሞ ነው በላርጎ?" አለ አንዱ።

"ከአንሶላው ጋር ብታሰጪው ይደርቅ ነበር እኮ የሺ!" አለ ሌላው።

"ምን ይደረግ" አለ ጌታሁን ጣቱን እየላሰ፤ "ከገጠር ሰው ታመጣለህ፣ ገጠሩ አብሮ ይመጣል።"

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከሁሉም የሚያመኝ እሱ ነው፤ እኔም ሳቅሁ። ለእኔ የተረፈችኝን የዶሮ አንገት ማድቤት ቆሜ ጋጥኩ።

እንግዲህ ማክሰኞ በር ላይ ቆሜ ያንን ድምፅ ስሰማ፣ የከረሙት ነገሮች አንድ በአንድ ፊቴ መጡ። ሶሊን ነጭ ግድግዳ ሥር አቁሞ ፎቶ ያስነሳት "ለዴይኬር ነው" ብሎ ነው። አንድ ቢሮ ወስዶ ማኅተም በያዘ ሰውዬ ፊት "እዚህ ጋ ፈርሚ" ሲለኝም ለዴይኬር ነው ያለኝ። ስሜን መጻፍ እችላለሁ፤ ጻፍኩ። የልጄን የጉዞ ፈቃድ በገዛ እጄ ፈረምኩ ማለት ነው።

ሳሙናውን ሳልወስድ ወረድኩ። ቆይቼ ስመለስ እትዬ ሙሉ በረንዳ ላይ ነበረች። ሻንጣዋን ገለጥ አደረግሁ። ከላይ ሽቶና ስኒከር፣ ከሥር የሶሊ ሹራብ፣ የሶሊ ካልሲ፣ የሶሊ ወፍራም ኮፍያ። ውጭው እሳት ነው፤ ሐምሌ ነው፤ በላስ ቬጋስ ሐምሌ አውራ ጎዳናው እንደ ምጣድ ይግላል። አዲስ አበባ ግን ክረምት ነው። ሹራቡን አሽትቼ መልሼ አጠፍኩት።

ለምን ያኔውኑ አልሄድሽም ትሉኛላችሁ። ወዴት? መንገድ አላውቅ፣ ቋንቋ አላውቅ። ጌታሁን ደግሞ ሁልጊዜ "ፖሊስ ከመጣ አንቺን ወደ አገርሽ፣ ልጅቷን ወደኔ" ይለኛል። አምነው ነበር። ያለችኝ ዘነቡ ናት፤ ዘነቡ ያለችው ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ ላፕቶፑ ደግሞ ለእነሱ ሲሠራ ለእኔ አይሠራም። ያን ሌሊት ልጄን አቅፌ ስለዚያ ብቻ ሳስብ አደርኩ።

ረቡዕ ጠዋት ጌታሁን ወደ ሺፍቱ ሄደ። ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ነው። እትዬ ሙሉ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ስትታጠብ መዝሙር ትዘምራለች፣ ድምፁ እስከ ማድቤት ይደርሳል። መዝሙሩ ካለ እሷ ውኃ ውስጥ ናት። ሶሊን ምንጣፍ ላይ በማንኪያና በሳህን አስቀመጥኩና ላፕቶፑን ከፈትኩ።

አልተቆለፈም። ለማን ብለው ይቆልፉታል? የናቀ ሰው አይጠነቀቅም።

የዘነቡን ፎቶ ነካሁ። ዝም። አጥፍቼ አበራሁት። ዝም። አገር ቤት ሬዲዮ እምቢ ሲል እንደምናደርገው ይዤው መስኮት ጋ ሄድኩ። ኢንተርኔት የምታመጣው ጥቁር ሣጥን አጠገብም ወሰድኩት። የሣጥኗ መብራቶች አረንጓዴ ናቸው፣ ብልጭ ብልጭ ይላሉ፤ እሷ ደኅና ናት። ላፕቶፑ ላይ ግን የምልክቱ መሰላል ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል፣ ከፊት ያለችው ትንሽ መብራትም ብርቱካን ናት። ኤክሱን ስጫነው ጽሑፍ መጣ። ጽሑፉን አላነበብኩትም፤ አንዲት ቃል ግን ለየኋት። ኦፍ። ይህችን ቃል አውቃታለሁ፤ ኤሲው ላይ አለች፣ ምድጃው ላይ አለች፣ በሆቴሉ ስንት ክፍል አጥፍቼባታለሁ።

የተቃጠለ ነገር ላይ ኦፍ አይባልም። ኦፍ ከሆነ ያጠፋው ሰው አለ፣ የሚጠፋበትም ቦታ አለ።

ሆቴል ውስጥ አንዲት ሜክሲኳዊት አለቃ ነበረችን። ክፍል ስትፈትሽ አታይም፤ በጣቷ ነው የአልጋውን ራስጌ፣ የጠረጴዛውን ከንፈር ዙሪያውን የምትዳስሰው። እኔንም እንዲያ አስለምዳኛለች። ዓይኔን ጨፍኜ ላፕቶፑን በጠርዙ ዳሰስኩት። ቀኙን ጎን ጨረስኩ፣ ኋላውን ጨረስኩ። ከፊት ለፊቱ፣ ከከንፈሩ ሥር፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነገር ጥፍሬ ላይ ተያዘች። ገፋኋት። ሸርተት አለች።

መብራቷ ከብርቱካን ወደ ሰማያዊ ተቀየረች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ! እሱ ዋይፋዩን በአውራ ጣቱ ሲያጠፋው፣ እህቱ በአውራ ጣቷ ስታበራው፣ እኔ ይቅርታ ስለምን! ካርታ በማደል የሚኖር ሰው ጣቱ አይታይም።

መሰላሉ ቀስ እያለ ሞላ። ፎቶውን ነካሁ። ጥሪው ጮኸ፤ ትራስ ጫንኩበት። መጀመሪያ አላነሳችም። ሁለተኛም። በሦስተኛው የዘነቡ ፊት መጣ፣ በእንቅልፍ ያበጠ።

"የሺ? አንቺ ነሽ? 'ከዘመድ ጋር ማውራት አልፈልግም ብላለች' አለኝ እኮ ባልሽ!"

"ዘኒ፣ ነገ ሶሊን ሊወስዱብኝ ነው። እህቱ አገር ቤት ልትወስዳት ነው።"

"የት ነሽ?"

"አላውቅም። ዊትኒ ይሉታል።"

"ዊትኒ አንድ ቤት ነው እንዴ? የመብራት ቢል፣ ፖስታ፣ ምንም የለም?"

ማድቤቱ ላይ ፖስታ ነበር። ካሜራው ፊት ያዝኩላት።

"ገልብጪው የሺ፣ ገልብጪው! እሺ። እንዳትነቃነቂ።" ጻፈች። "ሃያ ደቂቃ። ልጅቷን ብቻ ይዘሽ ሰው ያለበት ቦታ፣ የግቢው ላውንድሪ ጋ ውጪ። ፖሊስም እጠራለሁ።"

"ፖሊስ አይሆንም! አገር ያስወጡኛል!"

"ማን አለሽ?"

"ጌታሁን።"

"አይ የኔ እናት! ግሪን ካርድ አለሽ፣ ልጅሽ እዚሁ የተወለደች ናት። ያስፈራራሽ እሱ ራሱ ነው የሚፈራው። ውጪ በቃ!"

ያን ጊዜ ነው መዝሙሩ መቆሙን ያስተዋልኩት።

እትዬ ሙሉ ፎጣ አገልድማ፣ ውኃ እየተንጠባጠበች መጣች። ሰማያዊውን መብራት አየች፣ ፊቴን አየች።

"ማን አበራልሽ?"

"እኔ።"

"አንቺ?" ሳቀች። ጎንበስ ብላ ግን የሶሊን ክንድ ያዘች። "መሄድ ካማረሽ ብቻሽን ሂጂ። ይቺ የወንድሜ ደም ናት። አንቺ ምን ልታስተምሪያት ነው? አንሶላ ማንጠፍ?"

"ይልቀቋት፣ እትዬ ሙሉ።"

"አልለቅም። ጩኺ እስቲ! በምን ቋንቋ ልትጮኺ ነው?"

ሶሊ ማልቀስ ጀመረች። በአንድ እጇ እኔ፣ በሌላው እሷ እንጎትታታለን፤ የልጄ ትከሻ ሲሳብ አየሁ። "ልቀቂያት!" አልኩ፤ አንቺ ስላት የመጀመሪያዬ ነው። አልለቀቀችም። አንገቴን ደፋ አድርጌ እጇን ነከስኩት። በቀላሉ አልነበረም፤ ጥርሴ ሥጋ እስኪያገኝ ነው። ጮኸች፣ ለቀቀች። ሶሊን ታቅፌ ወጣሁ። እሷ ፎጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቀረች፤ ራቁቷን ልትከተለኝ አልቻለችም። እርግማኗ ብቻ ተከትሎኝ ደረጃውን ወረደ።

ጫማ አላደረግሁም ነበር። የመኪና ማቆሚያው አስፋልት ውስጥ እግሬን አቃጠለኝ፤ ብሮጥም፣ ብቆምም ያው ነው። ላውንድሪው ደረስኩ። አንዲት ሜክሲኳዊት ሴት ልብስ እያጠፈች ነበር። ፊቴን አየች፣ እግሬን አየች፣ ምንም ሳትጠይቅ ፎጣ በቀዝቃዛ ውኃ አርሳ እግሬ ላይ ጠቀለለችልኝ። ከዚያ ሄዳ በሩ ፊት ቆመች።

ዘነቡ ስትደርስ የመኪናዋ ኋላ ወንበር ላይ ዝቅ ብለን ተቀመጥን። ከግቢው ስንወጣ የጌታሁን መኪና ሲገባ አየሁት። እህቱ ደውላለት ነው። ሶሊ አየችው፤ "ዳ..." ስትል አፏን በመዳፌ አፈንኩት። በጣም ነው ያፈንኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። ያችን ዓይን እስካሁን አያታለሁ። እሱ ግን ወደ ፊት እያየ አለፈን።

ዘነቡ ቤት ገብተን በሩ ተቆለፈ። ቀዝቃዛ ሐብሐብ አቀረበችልን፤ ሶሊ በላች፣ እኔ ፍሬውን ለቀምኩላት። ፖሊስ መጣ። አስተርጓሚ በስልክ አቀረቡልኝ፣ ወደ አገርሽ ሂጂ ያለኝ የለም። ጉዞው ቀረ። በኋላም ዳኛዋ ልጄን ለእኔ ሰጡ።

ሽማግሌዎች አላረፉም። ያን እሁድ ቤታችን ሲስቁ ከነበሩት አንዱ አብሯቸው መጣ። "ትዳር ነው፣ ይጋጫል፣ ይታረቃል። ደግሞ ታላቅሽን መንከስሽ ነውር ነው" አለኝ። ጠባሳው ቀርቶባታል አሉ። ደስ አለኝ። ክፉ ነሽ የሚለኝ ይበለኝ፤ ያን ጊዜም ደስ ብሎኛል፣ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተምሬያለሁ። የማታ ትምህርት ገብቼ ፖስታዬን ራሴ አነባለሁ። መኪና እነዳለሁ። ይቅርታ ማድረግን ግን አልተማርኩም፤ የሚያስተምረኝም አልፈልግም። አንድ ቀን ለሶሊ እነግራታለሁ። በመዳፌ ያፈንኳትን ጭምር እነግራታለሁ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። ፍርሃቱ አሁንም ይመጣል፤ ዝም ብዬ እንዲያልፍ እጠብቀዋለሁ። ግን ደርሰናል። ልጄ ከእኔ ጋር ናት። እኔም ደኅና ነኝ፣ እሷም ደኅና ናት።