ውሃ እንዳይነካው የተባለ ጆሮ

ሱፍዋን ሞተር ጠጋኝ ነው። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ገበሬ ሁሉ የውሃ መሳቢያ ሞተሩ አልነሳ ሲለው የሚደውለው ለእሱ ነው። ወንዝ ዳር ተንበርክኮ፣ ቱቦውን ነቅሎ፣ ደለሉን አራግፎ፣ ውሃውን ማሳው ላይ ሳያደርስ አይመለስም። ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃን ወደማይሄድበት ሲያስኬድ ኖሯል። ዘንድሮ ግን አላህ ግልባጩን ሥራ ሰጠው፤ ከአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ጆሮ ውሃ ማራቅ። በዚህኛው ሥራ እንዳልተሳካለት ከወዲሁ ብናገር ይሻላል።

ልጅቱ ራህመት ትባላለች፤ የመጨረሻ ልጁ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተሰቡ "ይቺ ልጅ አትሰማም" ሲል ልግመኛ ናት ማለቱ ነበር። ሦስቴ ካልተጠራች ዞር አትልም፤ በአራተኛው ትቆነጠጣለች። ኋላ አስተማሪዋ አባትየውን አስጠርታ ልጅህን አስመርምራት ባትለው ኖሮ ቁንጥጫው እስከ ዛሬም በቀጠለ። አዲስ አበባ ያየቻት ሐኪም ከጆሮዋ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ እንደተጠራቀመ ነገረችው። በሁለቱም ጆሮዎቿ፣ ከማሾ ፍሬ ግማሽ የማትበልጥ፣ ፈሳሹን የምታስወጣ ቱቦ በቀዶ ጥገና ገባችላት። ሲመለሱ ራህመት ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ጆሮዋን ይዛ "አባባ፣ መኪናው ይጮሃል" አለችው። ሱፍዋን ያን ዕለት ከጣርማ በር እስከ ቆላው ድረስ እንባውን በነጠላ ጫፍ ሲጠርግ ነው የወረደው።

ሐኪሟ ያዘዘችው አንድ ነገር ነው፤ ጆሮዋ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ። ሱፍዋን ትእዛዙን እንደ ሕግ አወጀው። እኩዮቿ ሙቀቱ ሲያቃጥላቸው ወንዝ ውስጥ ሲንቦራጨቁ እሷ ዳር ቆማ ታያለች። ገላዋን እናቷ ፈሪሃ በእርጥብ ጨርቅ ነው የምታብሳት፤ ፀጉሯ ሲታጠብማ ሁለቱም ጆሮዎች በቫዝሊን በታሸ ጥጥ ተወትፈው፣ አባትየው ራሱ እንደ ዘበኛ አጠገቧ ቆሞ ነው። ጎረቤቶች ሳቁበት። የውሃ ሰው ውሃ ፈራ አሉት። እሱ ግን ግድ አልነበረውም።

በሦስተኛው ሳምንት የራህመት ትራስ ላይ ቢጫ ነገር ታየ። ከግራ ጆሮዋ ነው፤ ይሸታልም። ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ጠብታ ታዘዘላት፣ ደረቀ። በአሥረኛው ቀን ደግሞ ፈሰሰ። እንደገና ጠብታ፣ እንደገና መድረቅ፣ እንደገና መፍሰስ። ከዚያ ቀኙም ጀመረ። ልጅቱም "እ?" ማለቷን እንደገና ጀመረች፤ ያቺ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስቆነጠጠቻት "እ?" ተመልሳ ቤቱ ገባች።

እዚህ ላይ ሱፍዋን ያበደ መሰለ። የሐኪሟ ስልክ ቢደወል አይነሳም። ሰፈርተኛው ደግሞ ሁሉም ሐኪም ሆነ፤ አንዷ ጤና አዳም ጨምቀህ ጨምርበት ትላለች፣ ሌላው ዘይት ለብ አድርግና አንጠብጥበት ይላል፣ ሦስተኛው ድሮም ሰው ጆሮ ውስጥ ፕላስቲክ ይገባል ወይ ብሎ ያፌዝበታል። በተለይ ይኸኛው ነገር ውስጡ ገባ። ምናልባት እኔ ራሴ ነኝ ቱቦ ያስገባሁባት፣ ሳላስነካት ብተዋትስ ኖሮ እያለ ሞተር በፈታ ቁጥር ብሎኑን በንዴት ይወረውረዋል። ቤት ሲገባ ደግሞ ያ ሁሉ ንዴት የሚያርፈው ፈሪሃ ላይ ነው። ጥጡን አላጠበቅሽም፣ እኔ ሥራ ስውል ወንዝ ሰደድሻት፣ ካልሆነ ውሃው ከየት መጣ? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ልጇን እንደ አራስ በጨርቅ ያበሰች ሴት ምን ትበል? መጀመሪያ ማለች፤ በኋላ መማሉንም ተወችው፤ ሲናገራት ከቤት ትወጣለች።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ሱፍዋን ራህመትን ይዞ አዲስ አበባ ወጣ። በሆዱ ቱቦው ይነቀልልኝ ሊል ነው የሄደው። ሐኪሟ ዶክተር ነዒማ የልጅቱን ጆሮ አይታ ፊቷ ጠቆረ። ውሃ ይገባል ወይ ብላ ጠየቀችው። ጠብታ አልነካትም ብሎ በአላህ ስም ማለ። ሐኪሟ አልተከራከረችውም። ልጅቱ ከእንቅልፏ ከተነሳችበት ጀምሮ የምታደርገውን ሁሉ፣ ምንም ሳያስቀር እንዲነግራት ብቻ ለመነችው።

ሱፍዋን ዘረዘረ። ትነሳለች፣ ትሰግዳለች፣ ቁርሷን ትበላለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ የቀትሩን ሶላት ዙሁርን ትሰግዳለች። ሰባት ዓመት ሞልቷት ሶላት እንደጀመረች ሲናገር ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር፤ ደግሞም ይገባዋል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አዛኑን ከሩቅ ሰምታ ቀድማው የምትነሳው እሷ ነበረች። ያስተማራትም እሱ ነው።

ዶክተር ነዒማ ብዕሯን አስቀመጠች። "ራህመት፣ ለሶላት ስትታጠቢ፣ ውዱእ ስታደርጊ፣ ጆሮሽን እንዴት ነው የምታብሺው? እስቲ አሳዪኝ።"

ልጅቱ ደስ አላት። ሁለቱን አመልካች ጣቶቿን ክፍሉ ውስጥ ካለው ቧንቧ አረጠበች፤ ከዚያ ጆሮዎቿ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ከትታ ጥሩ አድርጋ አዞረቻቸው። "አባባ ደህና አድርገሽ አስገቢ ብሎኛል" አለች።

ብሎ ነበር። ማለት ብቻም አይደለም። ቤት ካለ፣ ጥጥም ካለባት፣ ለውዱኡ ሲባል የሚያወጣላት እሱ ነው፤ ከበርሜሉ በጆግ ቀድቶ እጇ ላይ የሚያፈስላትም እሱ ነው። ያ በርሜል ደግሞ የሚሞላው ከመስኖው ቦይ ነው። በቀን አምስት ጊዜ፣ ሁለት ወር ሙሉ። ወንዙን ሲጠብቅ፣ ሚስቱን ሲከስ፣ ይኼኛው አንድ ቀን እንኳ ውሃ ሆኖ አልታየውም። ለሱፍዋን ውዱእ ውሃ አልነበረም፤ ውዱእ ውዱእ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ለአባትም እንደዚያው ሳይሆን አልቀረም።

"በራስዎ ላይ አይፍረዱ" አለችው ሐኪሟ። "እኔም ያኔ ልነግርዎት ይገባ ነበር። ለታመመ ሰው ዲኑ ራሱ ያቀልለታል፤ ኢማማችሁን ይጠይቁ። የቀኙ ይድናል። የግራው ቱቦ ግን ከመግሉ ጋር ወጥቷል።"

ጆሮው እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ ምናልባት እንደገና ቀዶ ጥገና። እስከዚያው በግራ በኩል አትሰማም። ሱፍዋን የሚቆጣው ሰው ፈለገ፤ አጣ። ከክፍሉ ሲወጣ ፈሪሃ ጋ ደወለ፤ ስታነሳ ግን ደርሰናል ብቻ ብሎ ዘጋው። እሷን ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ቤት ገብቶ፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ ነው።

በመመለሻው ሚኒባስ ራህመት መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ እሱ በግራዋ። መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር፣ ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ፣ ወደ እሷ ዞሮ ተናገረ።

"ራህመትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አፉ በይኝ።"

ልጅቱ ወደ ውጭ ታያለች። ዞር አላለችም። ሱፍዋን ሊቆጣት ምንም አልቀረውም፤ የድሮው ልማድ እጁን ወደ ክንዷ ወስዶት ነበር። ከዚያ ገባው። ተነሳ፣ ተሳፋሪው እያጉረመረመ እሷን ወደ ውስጥ ስቦ ቦታ ተለዋወጠ፣ በመስኮቱ በኩል በቀኟ ተቀምጦ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ እንደ ምንም የወጣችው ቃል ሁለተኛ ስትባል ይብስ ከበደችው። ግን አላት።

"ሰማሁ" አለች ራህመት።