ከለቀማ መግቢያ እስከ ለቀማ ማብቂያ

ጅማ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ የጠበቃ ቢሮ በታይፒስትነት የተቀጠርኩ ዕለት መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ማልቀስ ነው። አንዲት ሴትዮ የፍቺ አቤቱታ ልታስጽፍ መጥታ ስታለቅስ እኔም አብሬ አነባሁ፤ ወረቀቱ ረጠበ። አለቃዬ ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና፣ «የኔ ልጅ፣ የቀጠርኩሽ ለመጻፍ ነው። አልቃሽማ ከደንበኛው ጋር በነፃ ይመጣል» አሉኝ። ወረቀት ቀይሬ እንደገና ጀመርኩ።

ጋሽ ደምሴ ባለጉዳይ ሲመጣ አስቀድመው ሻይ ያዝዙለታል። «የተናደደ ሰው ያለውን ሁሉ ከጻፍሽ፣ ነገ ሲበርድለት የሚጣላው ካንቺ ጋር ነው» ይሉ ነበር። በሦስተኛው ዓመት በአማርኛም በኦሮምኛም ቁልፎቹን ሳላይ መምታት ቻልኩ። ረቂቅ ማዘጋጀቱን ለኔ ተዉልኝ፤ ልቤ አበጠ።

ያበጠው ልቤ የተነፈሰው በአቶ ቶሎሳና በወይዘሮ አልማዝ ጉዳይ ነው። አቶ ቶሎሳ አጋሮ አካባቢ ቡና አላቸው። ባለቤታቸው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሳይሰዳደቡ በስምምነት ሊፋቱ መጡ፤ ተባረኩ አልኩ በሆዴ። የከበዳቸው የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው የቢፍቱ ነገር ብቻ ነው።

«ከእናቷ ጋር ትኑር፣ ግድ የለኝም» አሉ አቶ ቶሎሳ። «የቡና ለቀማን ግን ከኔ ጋር። ቡናው ሲቀላ ካላየች የኔ ልጅ መሆኗንም ትረሳዋለች።»

«ይሁን፣ እኔ ከአባቷ ላለያያት አልፈልግም» አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

ስምምነቱን ጻፍኩ። ማሳውን በየወሰኑ፣ የቡና ማድረቂያውን አልጋ፣ ሁለቱን ላሞች ቀለማቸው ሳይቀር ዘረዘርኩ። ስለ ቢፍቱ ግን፣ «ከለቀማ መግቢያ እስከ ለቀማ ማብቂያ ከአባቷ ጋር ትሆናለች» ብዬ አለፍኩ። አጻጻፌ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጋሽ ደምሴም አንብበው «ጎሽ!» አሉ። ጅማ ዙሪያ ያደገ ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በቡና ነው፤ ማናችንም ዞር ብለን ካላንደር አላየንም።

ስምምነቱን ልናስጸድቅ ፍርድ ቤት ስንቀርብ ግን ዳኛዋ አዩ። «ለቀማ መቼ ይገባል?» ብለው ጠየቁ።

«ጥቅምት ላይ» አሉ አቶ ቶሎሳ።

«መቼስ ያበቃል?»

«ታኅሣሥ… አንዳንዴ ጥርም ይደርሳል።»

«ልጅቷ ትምህርት ቤት የለባትም?»

ዋይ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሕፃኗን ሦስት ወር ሙሉ ከክፍሏ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ዳኛዋ፣ «ይህን አላጸድቅም። በክረምት ዕረፍት ይውሰዷት» አሉ።

አቶ ቶሎሳ ብድግ አሉ። «በክረምት ምን ላሳያት፣ ጭቃ? እንዲያ ከሆነ ስምምነቱ ቀርቷል! ልጄን ተከራክሬ እወስዳታለሁ!»

«እስቲ ስትወስዳት እናያለን!» አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

ያ ሁሉ መልካም ነገር በኔ በአንዲት መስመር ሊፈርስ ሆነ። አፈርኩም፣ ፈራሁም።

ዳኛዋ ሁሉንም ዝም አሰኝተው ውጭ ትጠብቅ የነበረችውን ቢፍቱን እኛ ባለንበት ቢሮአቸው አስጠሩ። የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ገባች። «አባትሽ ለለቀማ ትምጣልኝ ይላሉ። ከሄድሽ ግን ትምህርት ይቀርብሻል። አንቺ ምን ትያለሽ?» አሏት።

ቢፍቱ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። «ቡና ቅዳሜ አይለቀምም እንዴ?» አለች።

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ቶሎሳ ናቸው። እየሳቁ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ኤዬ፣ የኔ እናት! ቅዳሜማ በደንብ ይለቀማል።»

ስምምነቱን እንደገና መታሁት። በለቀማ ወቅት አርብ ከትምህርት ቤት በር አባቷ ይወስዷታል፣ እሑድ ከሰዓት ይመልሷታል። ዳኛዋ አጸደቁት።

እኔም ተምሬ ጠበቃ ሆንኩ። ከዓመታት በኋላ ቢፍቱ ከእጮኛዋ ጋር የጋብቻ ውል ልታስጽፍ ቢሮዬ መጣች። ሠርጉ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ለቀማ ሲያበቃ ነው» አለችኝ። «ያኔ ነው አባባ የሚመቸው።»

ካላንደሩን ከግድግዳው አውርጄ ፊቷ ዘረጋሁትና ቀኑን በጣቷ አሳየችኝ። ወጣት ጠበቆች ስለ ሥራው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ስምምነት ላይ ቀን ጻፉ፤ ልጅ ካለ ደግሞ ከመጻፋችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት።