ከጠርሙሱ የማይተርፈው መድኃኒት

"'ቬልዳ ማሬ፣ አንቺ ኮድሽን ሙዪ፣ መድኃኒቱን ለኔ ተዪልኝ።'"

ቬልዳ ክራንዝ የነርሷን የኮሪንን ድምፅ አቅጥና፣ አገጯን ሰቅላ ነው እንዲህ የምትለው። ኮሪን ራሷ በሩ ላይ ቆማለች። ቬልዳ ምን ገዷት።

"እኔ እንደዛ አላወራም" አለች ኮሪን።

"ታወሪያለሽ። ይልቅ የተረፈው የት እየገባ ነው?"

"ይደፋል አልኩሽ እኮ።"

"ታዲያ እዚህ ምንም አልተደፋም የሚለው ምንድነው?"

"የኮምፒውተርሽን ነገር እኔን ትጠይቂኛለሽ?" ብላ ጥላት ሄደች።

ቬልዳ ኦሃዮ ውስጥ ባለ አንድ የካንሰር ክሊኒክ፣ ለኢንሹራንስ የሚላከውን የመርፌ ኮድ መሙላት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የመርፌው ልክ በሰው ኪሎ ነው፤ የተከፈተ ጠርሙስ ለሌላ ሰው አይሰጥም። የተረፈው መድኃኒት ምስክር ባለበት ይደፋል፣ የተደፋውም ከኮዱ ጎን ይሞላል። ከጥር ወዲህ ግን ሁሉም ላይ "ምንም አልተደፋም" የሚል ምልክት አለ። ከታካሚዎቹ ወይዘሮ ፔቲግሩ አርባ አምስት ኪሎ አትሞላም፣ ሹፌሩ ዱዌይን መቶ ሠላሳ ነው። ሁለቱም ጠርሙሱን ሙልጭ?

"ወይ ትሸጠዋለች፣ ወይ ሌላ ሰው ትወጋበታለች" አለችኝ ቬልዳ፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ለአለቃችን ለሃዊ ጽፋ ላከች። ሃዊ ካመነበት ኮሪን የነርስነት ፈቃዷን ትነጠቃለች።

ከላከች በኋላ ነው ማስረጃ ፍለጋ መድኃኒት ክፍል የወረደችው። ኮሪን በእጇ የምትሞላውን መዝገብ አገላበጠች። የተደፋው በሙሉ አለ፣ በየቀኑ፣ ከነምስክሩ ፊርማ።

"ከምስክሩ ጋር ተስማምተው ቢሆንስ?" እያለች ተመልሳ፣ ምልክቱን ማን እንዳስገባው ኮምፒውተሩን ጠየቀችው።

ቬልዳ ክራንዝ፣ ጥር ሦስት።

ያን ቀን ለካርታ ጨዋታ ውድድር ቶሎ ልትወጣ፣ ምልክቱ በራሱ እንዲሞላ አድርጋው ነበር። ማጥፋቱን ረሳችው።

"ሃዊ ገብቷል?" አለችኝ።

"አሁን ገባ። ኮሪንን አስጠርቷታል።"

ተነሳች፣ መልሳ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። የማንንም ድምፅ አላስመሰለችም።

"ሄጄ እኔ ነኝ እለዋለሁ። ምን አባቴ ላድርግ" አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ። "አንቺ ደግሞ ምን ትሞነጫጭሪያለሽ? አስቀምጪው እስክሪብቶውን። አትጻፊ አልኩሽ።"