ሥጋ ያልቀመስንበት ጊፋታ

ዛሬ ልጄ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ዳጣ ስትፈጭ የበርበሬውና የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነበር። አባቴ በእንሰት ማሳ ድንበር ከታናሽ ወንድሙ ተጣልቶ ከርሟል። ጎረቤቶች በጋራ ያረዱትን በሬ ሊካፈሉ ሲሉ አንድ ሽማግሌ አባቴን፣ «ቂም ይዘህ አትበላም፤ መጀመሪያ ታረቅ» አሉት።

«ጥፋቱ የእሱ ነው!»

«ጥፋቱን ማን ጠየቀህ? በሬው እንኳ ወድቋል፤ ያንተ ቀንድ ገና ቆሟል? ሂድ፣ ወንድምህን ሳመው።»

አባቴ ድርሻውን ትቶ፣ እጄን ይዞ ወደ ቤት ተመለሰ። በዓሉን ቆጮ በዳጣ በልተን ዋልን። አጎቴ የሚቀጥለውን ጊፋታ ሳያይ ሞተ።

ለልጆቼ የአባቴን ስህተት እየጠቀስኩ ቂም እንዳይዙ ሁልጊዜ እመክራለሁ። ያን ቀን አብሬው ስሄድ በእሱ ኮርቼ እንደነበር ግን ነግሬያቸው አላውቅም።