ሰርቪሱ ለሠራተኛ ብቻ ነው

ሰርቪስ የሚሉትን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ከእንግሊዝኛ ነው የመጣው ይላሉ፤ ይምጣ፣ ማን ከለከለው። ግን አንዴ ከመጣ በኋላ የማይገባበት ጓዳ የለም። የመኪና ዘይት ሲቀየር ሰርቪስ ገባ ይባላል። ምግብ ቤት ሻይ ሲዘገይ ሰርቪሳቸው አይረባም እንላለን፤ ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ ያው የማይረባው ሰርቪስ ተደምሮ እንከፍልበታለን። ጡረታ የተቃረበውን ሰው ስንት ዓመት ሰርቪስ አለህ ይሉታል። መዝገበ ቃላት አገላብጬ አይቻለሁ፣ ትርጉሙ አንድ ገጽ አይበቃውም፤ ሥሩ ግን ማገልገል ነው ይላል። አክስቴ ገጹን አላየችውም፤ ኖራዋለች።

የምንኖረው ሰርቪስ ውስጥ ነው። ከትልቁ ቤት ጀርባ አጥር ተደግፈው ከተሠሩት ክፍሎች የዳሩ የእኛ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ የሚያየው የአከራያችንን የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ነው፤ ስለዚህ እነሱ ምን እንደለበሱ እኛ ቀድመን እናውቃለን። እናቴ ከሞተች በኋላ አክስቴ እዚሁ ክፍል ውስጥ አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ፣ ገረፈችኝም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሌላ ሰርቪስ አለ፤ የመሥሪያ ቤቷ አውቶብስ። ባለ አራት ፎቅ የኢንሹራንስ ድርጅት ነው፣ እሷ የፅዳት ሠራተኛ ናት። ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ እስከ በረኛው ድረስ እታለም ነው የሚሏት።

የሠራተኛ ሰርቪስ ላይ ወንበር ስም አይጻፍበትም እንጂ ባለቤት አለው። ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ይህን አያጣውም። አንዱ ታሞ ቢቀር እንኳ ወንበሩ ባዶውን ይሄዳል። የአክስቴ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ነው፤ ከሁሉም ቀድማ የምትሳፈረው እሷ ናት፣ እዚያ ደግሞ የታመመ ጉልበቷን የምትዘረጋበት ቦታ አለ። ከአጠገቧ ያለውን ለመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ትይዝላታለች። ሁለቱ ዳቦ ተካፍለው እየበሉ፣ ያልመጣውን ሰው ሁሉ እያሙ ይሄዳሉ። ሌሎቹም ሲገቡ እታለም ጉልበትሽ እንዴት አደረ ሳይሉ አያልፉም። አክስቴ ይህን ፍቅር ትለው ነበር።

ባለፈው ዓመት ፅዳቱ ለኤጀንሲ ተሰጠ። የኤጀንሲውም ስም መጨረሻው ላይ ሰርቪስ አለበት፤ ታዲያ ከየት ይቀራል። መወልወያው ያው፣ ፎቁ ያው፣ የተለወጠው ጀርባው ላይ ጽሑፍ ያለበት ጋውን ብቻ ነው። አስተዳደር ቢሮ ጠርተው፣ እስከ ዛሬ የነበረሽ ሰርቪስ እዚህ ላይ ተዘግቷል፣ ከዛሬ ጀምሮ በአዲስ ይቆጠርልሻል አሏት። ጉልበቷን ግን በአዲስ የቆጠረላት የለም። ያን ቀን ማታ ሳህኖቹን እያንኳኳች አጠበች።

ከዚያ ኮሌታ መጣ። ኮሌታ የትራንስፖርት ኃላፊው ነው፤ ከመናገሩ በፊት ኮሌታውን ስለሚያስተካክል በሌለበት እንዲህ ይሉታል። አውቶብሱ ውስጥ ከመስታወቱ በላይ ወረቀት ለጠፈ። ሰርቪሱ ለሠራተኛ ብቻ ነው ይላል። አክስቴ አነበበችውና እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ታዲያ እኔ ሽርሽር ነው የምሄደው ብላ ሾፌሩን ጠየቀችው። ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ግን ሁለቱም ገብቷቸዋል። ከእኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት ሌላ መኪና አይገኝም፤ በእግሯ እንዳትሄድ ጉልበቷ አይፈቅድም፣ ኤጀንሲው ደግሞ ማርፈድ ስትደጋግም ያሰናብታታል። ከዚያ ወንበር ከተነሳች ከሥራዋም ተነሳች ማለት ነው።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ሾፌሩ ነው። አክስቴ ስትናደድ ዝርዝር አታወራም።

ኮሌታ የጠበቃቸው መጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ሲያልቅ። ገባ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ አክስቴን ውረጂ አላት። ልትወልደው ትችላለች፤ አንቺ ነው የሚላት። አልወርድም አለች። መመሪያ ነው አለ። አልወርድም አለች። ወደ ሾፌሩ ዞረና ሞተሩን እንዲያጠፋ አዘዘው።

«እሷ እስካለች ይቺ መኪና ንቅንቅ አትልም» አለ።

መጀመሪያ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ከዚያ ሰዓት ማየት ተጀመረ። መሥሪያ ቤቱ ሲገቡ አሻራ ይሰጣሉ፣ ያረፈደ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ከኋላ አንዱ ተነፈሰ፣ ሌላው ጉሮሮውን ጠረገ። አክስቴ አንድ ቀን ቀለም የፈሰሰበትን ሸሚዝ በምሳ ሰዓት አጥባ ያደረቀችለት ጎረምሳ ሂሳብ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ድንጋይ ወረወረ፤ እታለም፣ ለዛሬ ብቻ ውረጂልን፣ ነገ ተነጋግረን እናስተካክላለን አላት። አንዱ አፉን ሲከፍት የሌላውም ተከፈተ። ለእኛ ስትይ አሏት። አንቺኮ አስተዋይ ሴት ነሽ አሏት። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ኮሌታን አንተ ምን ሆነሃል የሚል አንድ አፍ አጣ።

አክስቴ ወደ ማንም አልዞረችም። የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ብቻ ነው ያየቻት፤ አጠገቧ ናትና። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የአክስቴን ቦርሳ ከወለሉ አነሳችና እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

አክስቴ ቦርሳዋን አቅፋ እዚያው ተቀመጠች።

በመጨረሻ እነሱ ወረዱ። ጎረምሳው ቀደመ፣ ሌሎቹ ተከተሉት፣ ታክሲ ለመሻማት አስፋልቱን እየሮጡ ተሻገሩ። የመዝገብ ቤቷም ከመሃላቸው ነበረች። ኮሌታ ባዶ የቀሩትን ወንበሮች አየ፤ ቢጮህ የሚሰማው የለም፣ በሩን በርግዶ ወጣ። ሾፌሩና አክስቴ ቀሩ። አውቶብሱ እንደሆነ ቢመሽም ቢነጋም የሚያድረው መሥሪያ ቤቱ ግቢ ነው፣ ይዞት መሄዱ አይቀርም። ሾፌሩ በሩን ዘጋ፣ በመስታወቱ የኋላውን ወንበሮች አየና እንደ ታክሲ ረዳት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ሞልቷል፣ እንሂድ» አለ።

አልሳቀችም። መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ከንዴት ነው ትላለች፤ ሐዘን ነው ያላትን ሰው ትጣላዋለች።

በረኛው ሁለቱንም የግቢ በር ወለል አድርጎ ከፈተ፤ የሚወርድ ሰው ሲጠብቅ አንዲት ሴት ወረደች። እሷ ጋውኗን ለብሳ ደረጃውን ስትጀምር እነዚያ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ምድር ቤቱ በደንበኛ ተሞልቷል፣ የማስተናገጃ መስኮቶቹ ግን ሰው የለባቸውም። ምክንያቱ ሲነገረው ኮሌታን አስጠርቶ የማይባል ነገር አለው። ለአክስቴ አዝኖ አይደለም፤ ስሟን እንኳ አላነሳም። ያበገነው ደንበኛ መቆሙ ነው። ማንም የተቀመጠ ይቀመጥ፣ መኪናው ብቻ በሰዓቱ ይምጣ አለ። ምሳ ሳይደርስ ወረቀቱ ተነሳ። የተዘጋውን የአገልግሎት ዓመቷን ግን ያነሳው የለም፣ እስከ ዛሬም እንደተዘጋ ነው።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ከእሷ ጋር የቆመ ሆነ። ጎረምሳው፣ እኔኮ ጠዋት ልናገረው ብዬ ምላሴ ላይ ነበር እያለ በየቢሮው ዞረ። እታለም ጀግና፣ እታለም አንበሳ ተባለ። አክስቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ባልዲዋን እየገፋች ከፎቅ ወደ ፎቅ ወረደች።

መዝገብ ቤት የደረሰችው መጨረሻ ላይ ነው። ሴትዮዋ ብቻዋን ነበረች። ለጠዋት የያዘችውን ዳቦ በሶፍት ጠቅልላ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ አክስቴ በምታልፍበት በኩል አስቀምጣዋለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እታለም» አለቻት፣ «በእኔ ተቀይመሻል አይደል?»

አክስቴ መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀች፣ ቀና አለች።

«አልተቀየምኩም» አለቻት። «የሚቀየሙት በወዳጅ ነው። እኔ ተናድጄ ነው። በይ እግርሽን አንሺ፣ ልወልውል።»